የመጨረሻዋ አሃዝ

ፒያሳ ዶፍ እየወረደ ቦሌ ፀሐይ ሊሆን እንደሚችል አዲስ አበባ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ከተማዋን በአንድ ትልቅ ካሬ ጠቅልሎ የሚያይ የትንበያ ሞዴል ግን ይህን ሊያውቅ አይችልም። ካሬውን ማሳነስ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል፦ ጎኑ በግማሽ ሲቀነስ የካሬው ቁጥር 4 እጥፍ ይሆናል፤ የጊዜ እርምጃውም በግማሽ ስለሚያጥር ስሌቱ 8 እጥፍ ያድጋል። ሞዴሎችን ወደ ጂፒዩ የማሻገር ጣጣ የመጣው ከዚህ ነው።

ተራራና ሸለቆ የበዛበት አገር ችግሩ ይብስበታል። ስዊዘርላንድ እንዲህ ያለች ናት፤ ብሔራዊ የሚቲዎሮሎጂ ተቋሟ እ.ኤ.አ. በ2016 ኮስሞ የተባለውን ሞዴል ጎኑ 1.1 ኪሎ ሜትር በሆነ ካሬ፣ በጂፒዩ ለዕለታዊ ትንበያ ማስኬድ ጀመረ። የሞዴሉን እምብርት በሲ ፕላስ ፕላስ እንደ አዲስ ጻፉት፤ የቀረውን ፎርትራን እንዳለ ትተው ለጂፒዩ የሚሆን ትእዛዝ ጨመሩበት። ግማሹን ብቻ ማሻገር አያዋጣም ነበር፤ ዳታው በሲፒዩና በጂፒዩ መካከል ሲመላለስ የተገኘው ፍጥነት እዚያው ይበላል።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ፍጥነቱ አይደለም። ትንሽ የፎርትራን ስሌት ወደ ጂፒዩ ባሻገርኩ ቁጥር መልሱ በመጨረሻዋ አሃዝ ይለያል። ኮምፒውተር ላይ የመደመር ቅደም ተከተል ሲቀየር ድምሩም በጥቂቱ ይቀየራል፤ ጂፒዩ ደግሞ ሺዎቹን በአንዴ፣ በራሱ ቅደም ተከተል ነው የሚደምረው። «ይቺ ምን አላት?» እንዳይባል ኤድዋርድ ሎሬንዝ አለ። እ.ኤ.አ. በ1961 ስሌቱን ከመሃል ለመድገም 0.506127 የነበረውን 0.506 ብሎ አስገባ፤ ውሎ አድሮ ፍጹም ሌላ አየር ወጣለት።

ታዲያ ልዩነቱ የአሃዝ ነው ወይስ የኔ ስህተት? አንድ የዝናብ ቀመር ውስጥ የተገለበጠ ምልክት «የማጠጋጋት ጉዳይ ነው» ከሚለው ሰበብ ጀርባ ተደብቆ መኖር ይችላል። ያለው መንገድ ነባሩን ሞዴል መነሻውን በጣም በጥቂቱ እየነካኩ ደጋግሞ ማስኬድ፣ በራሱ ምን ያህል እንደሚበታተን ማየት፣ ከዚያ አዲሱ በዚያ ስፋት ውስጥ መውደቁን መፈተሽ ነው።

በተለመደው ሥራዬ ፈተና ወይ ያልፋል ወይ ይወድቃል። እዚህ ግን ስንት ልዩነት እንደሚፈቀድ አንድ ሰው ቁጥር መጻፍ አለበት። ያቺን መስመር ብቻዬን አልጽፋትም፤ ዝናብን የሚያውቅ ባለሙያ አጠገቤ ካልተቀመጠ፣ ያፈጠንኩት ትንበያውን ይሁን ስህተቱን ማንም ሊነግረኝ አይችልም።