ከዛዳር የመጣው በረኛ

በዓለም ዋንጫ ታሪክ በአንድ የመለያ ምት ሦስት ኳስ ያዳኑ ግብ ጠባቂዎች፣ የ2022ቱ የኳታር ውድድር እስኪጠናቀቅ ድረስ፣ ሦስት ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያው በ2006 እንግሊዝን ያሰናበተው ፖርቹጋላዊው ሪካርዶ ነው። ቀሪዎቹ ሁለቱ ክሮኤሺያውያን፣ ያውም የአንድ ከተማ ልጆች ናቸው። ዳንየል ሱባሺችም ሆነ በአሥር ዓመት ገደማ የሚያንሰው ዶሚኒክ ሊቫኮቪች የተወለዱት በአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በዛዳር ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛዳር 70 ሺህ ገደማ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። ፍቅሯም ከእግር ኳስ ይልቅ ለቅርጫት ኳስ ነው፤ ታላቁን ክሬሺሚር ቾሲችን ያሳደገች እሷ ናት። በ1991 በክሮኤሺያ በሰርቦችና በክሮኤሺያውያን መካከል ጦርነት ሲፈነዳ ከተማዋ ተከበበች፣ በመድፍ ተደበደበች። ከአካባቢው መንደሮች የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በሆቴሎቿ ተጠልለው ኖሩ፤ ትንሹ ሉካ ሞድሪች ኳስ የለመደው በእንዲህ ያለ ሆቴል ማቆሚያ ላይ ነው። ሱባሺች ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ ሰርብ፣ እናቱ ክሮኤሺያዊት ናቸው። ሁለቱ ሕዝቦች እየተዋጉ ባሉበት በዚያ ዘመን፣ በዚያች ከተማ፣ ከእንዲህ ያለ ቤት ወጥቶ ማደግ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ሱባሺች፣ ሞድሪችና ህርቮዬ ቹስቲች የሚባል አማካይ ሦስቱም በዛዳር ክለብ የታዳጊዎች ቡድን ያለፉ ናቸው። ሞድሪች በልጅነቱ ወደ ዛግሬብ ሄደ። ሱባሺችና ቹስቲች ግን ቀሩ፣ አብረው አድገውም ለዋናው ቡድን ተሰለፉ።

ማርች 29 ቀን 2008 ዛዳር በሜዳው፣ በስታኖቪ፣ ሲባሊያ ከሚባለው ክለብ ጋር ተጫወተ። ጨዋታው ገና በመጀመሪያ ደቂቃዎቹ ላይ ነበር። ቹስቲች ከሱባሺች የተላከለትን ኳስ እየተከተለ ወደ መስመሩ ሲሮጥ ከተጋጣሚው ጋር ተጋፋ፤ ሚዛኑን ስቶ ወደ ውጭ ሲወድቅ ጭንቅላቱ ከሜዳው ዳር ከቆመ የኮንክሪት ግንብ ጋር ተጋጨ። ግንቡ ከመስመሩ የሚርቀው ጥቂት ሜትር ብቻ ነበር። ቹስቲች ሆስፒታል ገብቶ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም ሊነቃ አልቻለም። ኤፕሪል 3 ቀን አረፈ። 24 ዓመቱ ነበር።

ኳሱን ያቀበለው ሰው በዚህ ሞት ቅንጣት ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ተጫዋቾች በሙሉ ፍጥነት ከሚሮጡበት መስመር አጠገብ የኮንክሪት ግንብ መኖሩ፣ የሊጉ ጨዋታም በዚያ ሜዳ እንዲካሄድ መፈቀዱ ነው። ይህ በግልጽ ሊነገር ይገባል፤ ምክንያቱም የሱባሺች ታሪክ ሲተረክ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የበረኛውን እንባ እንጂ ግንቡን አይደለም። ጓደኛውን በዚያ መልክ ያጣ ሰው ግን ስለ ጥፋት የሚነገረውን ሁሉ ቢሰማም ሌሊት ሌሊት ከራሱ ጋር መሟገቱ አይቀርም። ሱባሺች ከዚያ ቀን ወዲህ ከማልያው ሥር የቹስቲች ፎቶ ያለበት ካናቴራ እየለበሰ መጫወት ጀመረ። 

በዚያው ዓመት ወደ ሃይዱክ ስፕሊት ተሻገረ፤ በ2010ም ከክለቡ ጋር የክሮኤሺያን ዋንጫ አነሳ። በኖቬምበር 2009 ሊክተንሽታይንን 5 ለ 0 በረቱበት የወዳጅነት ጨዋታ ለብሔራዊ ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፎ ነበር። ይሁን እንጂ ከፊቱ ስቲፔ ፕሌቲኮሳ ቆሞ ነበር። ፕሌቲኮሳ 114 ጊዜ ለአገሩ የተጫወተ ሰው ነው። አጥቂ ቢሆን 20 ደቂቃ ሲቀር ተቀይሮ ይገባል፤ ተከላካይም ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ ቦታ ያገኛል። ለበረኛ ግን ያለው ቦታ አንድ ነው፤ ያንን የያዘው ሰው ካልተጎዳ ወይም ካልተሰናበተ ሁለተኛው እየተለማመደ ይጠብቃል። ሱባሺች በ2012ቱ የአውሮፓ ዋንጫም በ2014ቱ የብራዚል ዓለም ዋንጫም ከቡድኑ ጋር ተጉዞ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፕሌቲኮሳ ጓንቱን ሲያስረክበው 30 ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም።

በክለብ ደረጃ የወሰደው እርምጃ ደግሞ በጊዜው ለብዙዎች ቁልቁል መውረድ መስሎ የሚታይ ነበር። በጃንዋሪ 2012 ሞናኮ ገባ። ሞናኮ ያኔ በፈረንሳይ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ግርጌ ሲንፏቀቅ የነበረ፣ ሩሲያዊው ባለሀብት ዲሚትሪ ሪቦሎቭሌቭ ገና አንድ ወር ሳይሞላው የገዛው ክለብ ነው። በዚያ የውድድር ዘመን የመጨረሻ ጨዋታ ቡሎኝን ሲገጥሙ ሱባሺች ግቡን ጥሎ ወደ ፊት ሄደና የቅጣት ምት መታ፤ መረብ ላይም አሳረፈው። ሞናኮ 2 ለ 1 አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ክለቡ የሁለተኛው ዲቪዚዮን ሻምፒዮን ሆኖ ወደ ሊግ አንድ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ብዙ በረኛ የሚፈራው ነው። በ2013 ክረምት ሞናኮ የገንዘብ ከረጢቱን ፈታ፤ ፋልካኦ መጣ፣ ሃሜስ ሮድሪጌዝ መጣ፣ ሞውቲንዮ መጣ። ክለብ እንዲህ ሲከብር ከሁለተኛ ዲቪዚዮን ጋር አብሮ የመጣው በረኛ አብዛኛውን ጊዜ ይሸኛል። ሱባሺች አልተሸኘም። ሃሜስ አንድ ዓመት ተጫውቶ ወደ ማድሪድ ሲያልፍ፣ ሌሎቹም ሲመጡና ሲሄዱ፣ በሩ ላይ ያው ሰው ነበር። በ2016/17 ሞናኮ በ95 ነጥብና በ107 ጎል የፓሪስ ሴን ዠርሜንን የአራት ዓመት የበላይነት ሰብሮ ሻምፒዮን ሆነ፤ በሻምፒዮንስ ሊግም ማንቸስተር ሲቲንና ዶርትሙንድን ጥሎ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ታዳጊው ኪሊያን ምባፔ፣ ስለ በርናርዶ ሲልቫና ስለ ፋቢንዮ ነበር። የሊጉ ተጫዋቾች ማኅበር በዚያ ዓመት የፈረንሳይ ሊግ ምርጥ ግብ ጠባቂ ብሎ የሸለመው ግን የ32 ዓመቱን የዛዳር ልጅ ነው።

ስለ ፍፁም ቅጣት ምት ችሎታው ሲነሳ ከ2018ቱ ዓለም ዋንጫ በፊት ያለውን መርሳት ተገቢ አይሆንም። በ2016ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ቦርዶ ላይ ሰርሂዮ ራሞስ የመታበትን ኳስ መልሷል፤ ክሮኤሺያም ስፔንን 2 ለ 1 ረታች። በዚያ ኳስ ላይ ራሞስ ገና ሳይመታ ሱባሺች ከመስመሩ በጉልህ ወጥቶ እንደነበር ምስሉ ያሳያል። በ2018ም እንዲሁ። ይህን የሚያነሱ ተቺዎች ትክክል ናቸው፤ ሕጉ በረኛው ከመስመሩ እንዳይወጣ ያዝ ነበር። ነገር ግን ዳኞች በዚያ ዘመን ይህን ሕግ እምብዛም አያስፈጽሙም ነበር፤ በ2018 ከእሱ ትይዩ የነበረው የዴንማርኩ በረኛ ካስፐር ሽማይክልም እንደዚያው ያደርግ ነበር። ሕጉ በ2019 ተሻሽሎ ቢያንስ አንድ እግር መስመሩ ላይ ይሁን ተብሎ ተደነገገ፤ በቪዲዮ ዳኞች እየታየም ጠበቅ ብሎ መከበር ጀመረ።

ጁላይ 1 ቀን 2018፣ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ፤ በዓለም ዋንጫው ክሮኤሺያ ከዴንማርክ። ዴንማርክ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ አገባች፤ ማሪዮ ማንጁኪች በአራተኛው አቻ አደረገ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል ማንም ሳያገባ ቆየ። ተጨማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ሞድሪች ፍፁም ቅጣት ምት መትቶ ሽማይክል ያዘበት። ወደ መለያ ምት ተሄደ። ሱባሺች የክሪስቲያን ኤሪክሰንን ኳስ ገጭቶ ወደ ቋሚው መለሰ፣ የላሰ ሾነን አወጣ፣ የኒኮላይ ዮርገንሰንን በእግሩ መለሰ። ሽማይክልም በበኩሉ ሁለት አድኖ ነበር። ኢቫን ራኪቲች የመጨረሻዋን አገባ፤ 3 ለ 2። ሱባሺች ማልያውን ሲያወልቅ የቹስቲች ፎቶ በዓለም ፊት ታየ።

ፊፋ ማስጠንቀቂያ ሰጠው። ከውስጥ በሚለበስ ልብስ ላይ ምስልም ሆነ መልእክት ማሳየት በደንቡ ክልክል ነው፤ ደንቡ የፖለቲካና የንግድ ማስታወቂያ ሜዳ ላይ እንዳይገባ የወጣ ነው፤ ዓላማውም ጥሩ ነው። ሆኖም የሞተን ጓደኛ ፎቶ ከቢራ ማስታወቂያ ጋር አንድ ላይ የሚፈርጅ ደንብ ቢያንስ አንድ ተጨማሪ መስመር ይጎድለዋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ስለ ቹስቲች ሲጠየቅ ሱባሺች መልስ ሊሰጥ ሞከረ፤ እንባው ቀደመው። አሥር ዓመት ሆድ ይፍጀው ብሎ የያዘውን በአንድ ጥያቄ አውጥቶ መናገር አልቻለም።

ብዙ ሰው የሥራ ዘመኑ ጫፍ ያ የዴንማርክ ምሽት ነው ይላል። ከዚያ የሚበልጠው ግን ከስድስት ቀን በኋላ ሶቺ ላይ ከሩሲያ ጋር የተደረገው ሩብ ፍጻሜ ነው። አሰልጣኝ ዝላትኮ ዳሊች በ88ኛው ደቂቃ ሦስተኛ ቅያሪያቸውን አደረጉ። ደቂቃ እንኳ በቅጡ ሳይቆይ ሱባሺች ወደ ውጭ ሊወጣ ያለ ኳስ ተከትሎ ሲዘረጋ የታፋው የኋላ ጡንቻ ተሸመቀቀ። መሬት ላይ ተኝቶ ታከመ፤ ተነሳና አነከሰ። ተጨማሪው ሰዓት በዚያ ዓለም ዋንጫ በተፈቀደው ሕግ አራተኛ ቅያሪ ይዞ መጣ፤ እሱ ግን እቀጥላለሁ አለ። ወዲያው ተከላካዩ ሺሜ ቭርሳልኮ ተጎዳና ቅያሪው ለእሱ ሆነ። ከዚህ በኋላ ሱባሺች ቢወድቅ ግብ ላይ የሚቆመው ተከላካይ ወይም አጥቂ ነበር።

ኳሱን ከመሬት ላይ ርቆ መምታት አልቻለም፤ የግብ ምቶችን ሌሎች ይመቱለት ጀመር። ለክሮኤሺያ ቪዳ በ101ኛው አገባ፣ ሩሲያ በ115ኛው አቻ አደረገች። እንደገና መለያ ምት። የመጀመሪያዋን ፊዮዶር ስሞሎቭ ቀለል አድርጎ መሐል ለመሐል አካባቢ ሲልካት ሱባሺች እየወደቀ እጁን ወደ ኋላ ሰዶ አወጣት። ማሪዮ ፈርናንዴዝ ወደ ውጭ ላከ። ራኪቲች እንደ ዴንማርኩ ሁሉ የመጨረሻዋን መታ፤ 4 ለ 3። በአንድ ዓለም ዋንጫ በመለያ ምት አራት ማዳን እስከዚያ ድረስ ያየነው ከአርጀንቲናዊው ሰርሂዮ ጎይኮቼያ በ1990 ብቻ ነበር። ጎይኮቼያ ግን ሁለት ጤነኛ እግር ነበረው።

በዚያ ምሽት በተጠባባቂ ወንበር ላይ ከተቀመጡት በረኞች አንዱ የ23 ዓመቱ ሊቫኮቪች ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ኳታር ላይ ከጃፓን ሦስት፣ ከብራዚል አንድ መለያ ምት አድኖ ያንኑ አራት ደገመው። ሊቫኮቪች የታላቁን መንገድ ያየው በቴሌቪዥን ሳይሆን ከሜዳው ዳር ሆኖ ነው፤ ይህ ለአንድ ወጣት በረኛ ከብዙ ወር ልምምድ የሚበልጥ ትምህርት መሆኑ አያጠራጥርም።

እንግሊዝን በግማሽ ፍጻሜ 2 ለ 1 ሲያሸንፉ ክሮኤሺያውያን በተከታታይ ለሦስተኛ ጊዜ 120 ደቂቃ መጫወታቸው ነበር። ጁላይ 15 ሉዥኒኪ ላይ ፈረንሳይ 4 ለ 2 ረታቻቸው። ፖግባና ምባፔ ከሳጥኑ ውጭ አክርረው ሲመቱ ሱባሺች ከቆመበት ብዙም አልተንቀሳቀሰም፤ አንዳንዱ ሰው በዚህ ወቀሰው። ወቀሳው ሙሉ በሙሉ መሠረት የለውም አይባልም፤ በተለይ የምባፔዋ ኳስ በጤነኛ እግር የምትደረስ ትመስላለች። ግን ያ በረኛ ከስምንት ቀን በፊት በሶቺ መሬት ላይ የተኛ ሰው ነው። ኳሷን የመታው ደግሞ ሞናኮ ውስጥ በልምምድ ሜዳ ሲያያቸው ካደጉት ልጆች አንዱ ነው።

በነጋታው ዛግሬብ ላይ ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ወጥቶ ተቀበላቸው፤ የአገሩ ሕዝብ በሙሉ አራት ሚሊዮን ገደማ ነው። በወሩ፣ በኦገስት፣ ሱባሺች ከብሔራዊ ቡድኑ መሰናበቱን አሳወቀ። 33 ዓመቱ ነበር፤ 44 ጨዋታ አድርጓል። ቁጥሩ ከፕሌቲኮሳ ግማሽ አይሞላም፤ እንደዚያም ሆኖ ከ44ቱ ሁለቱ አገሪቱ እስከ ዛሬ የምታወራቸው ናቸው። በሞናኮ ቀሪዎቹን ዓመታት ጉዳት አብዝቶበት ቆይቶ በ2020 ኮንትራቱ አለቀ፤ በ2021 መጀመሪያ፣ 36 ዓመት ሞልቶት፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ወደ ተወው ወደ ሃይዱክ ስፕሊት ተመለሰ።