ንጉሥ ላለመባል የተመረጠ ስም

አንድ የሮማ ቤተሰብ ስም ወደ አማርኛ ቢያንስ አራት ጊዜ ገብቷል፤ በየጊዜውም ሌላ ሰው መስሎ። ወንጌል ስናነብ ቄሳር ነው። የጀርመን ታሪክ ሲነሳ ካይዘር ይሆናል። ሩሲያ ሲደርስ ዛር እንለዋለን፤ ድቤ ከሚመታለት ከእኛው ዛር ጋር ግን ምንም ዝምድና የለውም። የሼክስፒር ተውኔት ሲወራ ደግሞ ሲዛር ሆኖ ብቅ ይላል። አራቱም አንድ ቃል ናቸው።

ቃሉ ከተጓዘው መንገድ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ መነሻው ነው። ከዓለም ማዕረጎች ሁሉ ገናናው የሆነው ይህ ስም መጀመሪያ የተፈለገው «ንጉሥ» ላለመባል ነበር። ነገሩን ከሥሩ ላንሳው (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)።

ሮማውያን የመጨረሻውን ንጉሣቸውን ያባረሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ509 ነው ብለው ይተርኩ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ሬክስ» የሚለው ቃል፣ ንጉሥ ማለት ነው፣ ሮማ ውስጥ ከስድብ የማይተናነስ ሆነ። በየዓመቱ ቆንስል የሚባሉ ሁለት ሹሞች እየመረጡ፣ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ፣ አምስት መቶ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት እስኪቀራቸው ድረስ ኖሩ። ዩልዮስ ቄሳር ባላንጣዎቹን በጦርነት አሸንፎ ሲመጣ ሁሉም ነገር በእጁ ገባ፤ የቀረችው ያቺ ቃል ብቻ ነበረች። ሕዝቡ መንገድ ላይ «ንጉሥ!» እያለ ሲጮኽለት፣ እሱ ንጉሥ ሳይሆን ቄሳር እንደሆነ መለሰ ይላል ታሪክ ጸሐፊው ስዌቶኒየስ። መልሱ ቀልድም አለበት፤ «ሬክስ» የአንድ ሮማዊ ቤተሰብ መጠሪያም ስለነበር፣ «ስሜን አታሳስቱ» እንደማለት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ፌብሩዋሪ ላይ ማርክ አንቶኒ በአደባባይ ዘውድ ሲያቀርብለት አልቀበልም አለ። በወሩ፣ ማርች 15 ቀን፣ ብሩቱስና ግብረ አበሮቹ በጩቤ ወግተው ገደሉት። ከቃሉ ሸሸ እንጂ ከነገሩ አላመለጠም።

በኑዛዜው ልጁ ያደረገው ኦክታቪያን ከዚያ ሬሳ ብዙ ተማረ። እሱም ንጉሥ አልተባለም። መጀመሪያ የሟቹን ስም ወስዶ ቄሳር ተባለ። ድል ያደረገ የጦር አዛዥ የሚወደስበትን «ኢምፐራቶር» የሚለውን ቃል ከፊቱ ጨመረ። ራሱን ደግሞ «ፕሪንኬፕስ»፣ ማለትም ከዜጎች ቀዳሚው፣ አሰኘ። አንዱ የቤተሰብ ስም፣ ሌላው የወታደር ውዳሴ፣ ሦስተኛው ለተከበረ ዜጋ የሚሰጥ ቃል፤ አንዳቸውም ዘውድ ዘውድ አይሸቱም። አሁን እነዚህን ቃላት በአውሮፓ ቋንቋዎች ውስጥ ፈልጓቸው። ከቄሳር ካይዘርና ዛር ወጡ። ከኢምፐራቶር የእንግሊዞቹ «ኤምፐረር» ወጣ። ከፕሪንኬፕስ «ፕሪንስ» ወጣ። ንጉሥ ላለመባል የተሰበሰቡት ስሞች በሙሉ የነገሥታት ማዕረግ ሆነው አረፉት።

የቤተሰቡ ስም ማዕረግ የሆነበትን ጊዜ በጣት መጠቆም ይቻላል። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ41 ቀላውዴዎስ ሥልጣን ሲይዝ በአባቱም ሆነ በጉዲፈቻ ያ ስም አይገባውም ነበር። ቢሆንም ወሰደው። ከዚያ ወዲያ ቄሳር የሚለው ስም የማን ልጅ እንደሆንክ መናገሩን ትቶ የት እንደተቀመጥክ መናገር ጀመረ። መጽሐፍ ቅዱሳችን ላይ አውግስጦስ ቄሳር፣ ጢባርዮስ ቄሳር፣ ቀላውዴዎስ ቄሳር ተብለው የምናገኛቸው የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ጳውሎስ ይግባኝ ያለበት ቄሳር ደግሞ ኔሮን ነው። አጠራሩንም ካነሳን፣ የጥንት ሮማውያን «ካይሳር» ነበር የሚሉት፤ ስለዚህ በግሪክኛ በኩል የመጣው የግእዙ ቄሳር ከእንግሊዝኛው ሲዛር ይልቅ ለባለቤቱ አፍ ይቀርባል።

ከሮማ ድንበር ውጭ ያሉትም ሮማን የያዟት በዚህ ስም ነው። ዐረቦች የሮማውን ገዥ ቀይሰር፣ የፋርሱን ኪስራ፣ የሐበሻውን ነጃሺ አሉ። ኪስራም እንደ ቄሳር የሰው ስም ነበር፤ ኾስሮ ከተባሉት የፋርስ ነገሥታት የመጣ ነው። የእኛው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ከማዕረግ ተነሥቶ ለብዙ ሰው የአንድ ደግ ንጉሥ የግል ስም እስኪመስል ደረሰ። የሐዋርያት ሥራ ላይ የምናገኛት ህንደኬም እንዲሁ ናት፤ የመርዌ ንግሥቶች ማዕረግ የሴትዮዋ ስም መስሎ ቀረ። ከሩቅ ለሚያይ ሰውየውና ወንበሩ አይለዩም።

ወራሽ ነኝ ባዩ ከዚያ በኋላ በረከተ። በ913 የቡልጋሪያው ስምዖን ዛር ተባለ፤ ስላቮች ረጅሙን ቃል አሳጥረው ያስቀሯት ይህችን ነው። በ1453 የኦቶማኑ ሱልጣን ዳግማዊ መሐመድ ቁስጥንጥንያን ሲይዝ ራሱን «ቀይሰሪ ሩም»፣ የሮማ ቄሳር፣ አለ። በ1547 ሞስኮ ላይ ኢቫን አራተኛ ዛር ተብሎ ዘውድ ጫነ። አንዱ ከተማዋ በእጄ ናት ይላል፣ ሌላው ሃይማኖቷ ከእኔ ጋር ነው ይላል። በ1877 ደግሞ እንግሊዞች ንግሥት ቪክቶሪያን በሕንድ «ቀይሰሪ ሂንድ» ብለው አወጁ፤ ሕንዶች ቃሉን ከፋርስኛ ስለለመዱት ነበር የመረጡት። ሮማ ጦሯን ልካ ያልደረሰችበት ደልሂ ስሟ ደረሰ።

የዚህ ሁሉ ፌዝ የተገለጠው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። በአንድ በኩል የጀርመኑ ካይዘር፣ የኦስትሪያው ካይዘርና የቡልጋሪያው ዛር፤ በሌላ በኩል የሩሲያው ዛርና የሕንድ ቀይሰር የተባለው የእንግሊዙ ጆርጅ አምስተኛ። ካይዘር ቪልሄልምና ዛር ኒኮላስ ዘመዳሞች ነበሩ፤ በ1914 ጦርነቱ ሊፈነዳ ሲል «ቪሊ» እና «ኒኪ» እየተባባሉ በእንግሊዝኛ ቴሌግራም ተላልከዋል። ቄሳር ከቄሳር ተዋጋ። ኒኮላስ በ1917 ወረደ። በ1918 መጨረሻ ሁለቱም ካይዘሮች ከዙፋናቸው ወርደው ነበር።

ከዚህ ታሪክ እኔ የያዝኩት ይህን ነው። ሥልጣን ዝቅ ያለ ስም ይወዳል፤ ስሙ ግን ዝቅ ብሎ አይቀርም። «ሚኒስትር» በላቲን አገልጋይ፣ አሳላፊ ማለት ነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም.፣ በእኛው አቆጣጠር፣ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ማንም አሳላፊ ተሾመ አላለም። ሩቅ ሳንሄድም፣ ደርግ ማለት ኮሚቴ ነው። ከዚህ የበለጠ ትሑት ስም ከየት ይመጣል? ዛሬ ያንን ቃል ሰምቶ ስብሰባና ቃለ ጉባኤ የሚታየው ኢትዮጵያዊ ግን ያለ አይመስለኝም። ቃል ሥልጣንን አይገራም፤ ሥልጣን ነው ቃሉን የሚያሳድገው። «እኔ አገልጋያችሁ ነኝ»፣ «እኔ ሊቀመንበር ብቻ ነኝ» የሚል ሰው ሲመጣ ጆሯችንን ሳይሆን ዐይናችንን እንክፈት የምለው ለዚህ ነው።

የቡልጋሪያ ዛርነት በስምዖን ተጀምሮ ያለቀውም በስምዖን ነው። ዳግማዊ ስምዖን በ1943 በስድስት ዓመቱ ነገሠ፤ በ1946 ዘውዱ ተሽሮ ተሰደደ። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ፓርቲ አቋቋመና በ2001 ምርጫ አሸንፎ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በመራጮች ፈቃድ ዛሩ «አገልጋይ» ሆነ ማለት ነው። በ2005 ፓርቲው የመጀመሪያነቱን ቦታ ሲያጣ ሥልጣኑን አስረክቦ ወጣ። ዩልዮስን ለማውረድ ጩቤ ነበር የተገኘው፣ ስምዖንን ለማውረድ የምርጫ ወረቀት በቃ። አንድ ባለሥልጣን ምን ተብሎ እንደሚጠራ ብዙም አያሳስበኝም። መጀመሪያ የምጠይቀው «ይሄ ሰው ሲበቃው ወይም ሲበቃን፣ በምን ይወርዳል?» ብዬ ነው።