“አንቺ ተቀመጪ፣ እማዬ”

ቢቸና ውስጥ አንድ የስፖርት አሰልጣኝ አለ። ጂም የሚላት አንዲት የኪራይ ክፍል ናት። ግማሹ ብረት ከተማው ውስጥ ካለ ብየዳ ቤት የተሠራ ነው፤ ግማሹ ደግሞ በወተት ጣሳ የተሞላ ሲሚንቶ ነው። ጎረምሶች ደረታቸውን ለማስፋት ይመጡለታል፤ እንጀራው ግን ከእነሱ አይደለም። የሚያኖሩት ጠዋትና ማታ በየቤታቸው እየሄደ የሚያሠራቸው መምህራን፣ የባንክ ሠራተኞችና ነጋዴዎች ናቸው። አብዛኞቹ የፈለጉት ሐኪም “ስኳር አለብህ” ወይም “ግፊትሽ ከፍ ብሏል” ካላቸው በኋላ ነው።

ይህ ሰው የሌላውን ወላጅ ከወንበር ሲያስነሳ ሲያስቀምጥ ይውላል። የገዛ እናቱ ሞጣ ላይ ከወንበር መነሳት እያቃታት እንደሆነ ያወቀው ግን ዘግይቶ ነው።

እናቱ የገጠር ሴት ናት። ውኃ በእንስራ ከምንጭ ተሸክማ፣ እንጨት ለቅማ፣ ጤፍ አርማ፣ ገበያ በእግሯ ደርሳ ተመልሳ ልጆች አሳድጋለች። ባሏ ሲሞት ታላቋ ልጇ ሞጣ ወዳለው ቤቷ አመጣቻት። እዚያ ቧንቧው ግቢ ውስጥ ነው። እንጀራ የምትጋግር ሠራተኛ አለች። ባጃጅ በር ድረስ ይመጣል። ለእናት ትራስ ያለው ወንበር ተገዛ። ዕቃ ልታነሳ ስትል “አንቺ ተቀመጪ፣ እማዬ፤ የደከምሽው ይበቃል” ትባላለች። ቡና ልትቆላ ስትል “ኧረ በሞቴ!” ተብሎ ማንከሽከሻው ከእጇ ይወሰዳል።

አምስት ዓመት ተቀመጠች። ስኳር ተገኘባት። ጉልበቷን ያማት ጀመር። በእግሯ ሄዳ ሞጣ ጊዮርጊስን ትሳለም የነበረችው ሴት ከግቢው በር ላይ ሆና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ማማተብ ያዘች። በስቅለት ዕለት ሕዝቡ ሲሰግድ እሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ዋለች። ልጇ ይህን ሲሰማ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ “እረፍት የሰጠናት መስሎን ጉልበቷን ቀማናት።”

ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ማውሳቱ ባላስፈለገ። ግን የአንድ ቤት አይደለም።

በጎጃምም ሆነ በሌላው የአማራ አገር ትልቅ ሰው ሲገባ ታናሹ “ኖር” ብሎ ይነሳል፤ ትልቁ “በእግዜር” ብሎ ይቀመጣል። ያማረ ባህል ነው። ነገር ግን በውስጡ አንድ ሐሳብ አለ፦ የተከበረ ይቀመጣል፣ የሚላክ ይሮጣል። ሥልጣንም “ወንበር” ይባላል። የደላው ሰው “ቁጭ ብሎ የሚበላ” ነው። ስለዚህ ሰው በኑሮ ከፍ ባለ ቁጥር እግሩ ሥራ ይፈታል። ከአሰልጣኙ ደንበኞች አንዱ የባንክ ሠራተኛ ነው። ማታ ከሥራ በኋላ በፍጥነት እንዲራመድ ሲታዘዝ ሦስት ቀን ሞክሮ ተወው። ምክንያቱ ድካም አልነበረም። መንገድ ላይ የሚያገኘው ሁሉ “ምነው፣ ደህና አይደለም እንዴ? ማን ታመመ?” እያለ ስለሚያስቆመው ነው። ኮትና ከረባት ያደረገ ሰው ያለ ችግር በፍጥነት ይራመዳል ብሎ የሚያስብ የለም።

የመቀመጥን ዋጋ ዓለም ካወቀ ቆይቷል። ጄረሚ ሞሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት የለንደንን የአውቶቡስ ሠራተኞች የተመለከተ ነበር። ሾፌሩና ትኬት ቆራጩ የአንድ ድርጅት ሠራተኞች ናቸው፤ የሚውሉትም አንድ አውቶቡስ ላይ ነው። ልዩነታቸው ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፤ ትኬት ቆራጩ የባለ ሁለት ፎቁን አውቶቡስ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። በልብ ሕመም ይበልጥ የተጠቁት ሾፌሮቹ ሆነው ተገኙ። ትኬት ቆራጮቹ ስፖርተኞች አልነበሩም። ሥራቸው ብቻ ነው ያስነሳቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነጥብ ግን ብዙ ጊዜ አይወራም። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ሚዛንንና ጉልበትን የሚያጠናክር እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል። ሽማግሌ “ይረፍ” አልተባለም፤ ተጨማሪ ሥራ ነው የተሰጠው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ያልተሠራበት ጡንቻ ይሟሽሻል፤ በሽምግልና ጊዜ ደግሞ ፈጥኖ ይሟሽሻል። ጡንቻ ሲሠራ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ይጠቀማል፤ ስኳር ላለበት ሰው እንቅስቃሴ ከመድኃኒቱ ጎን የሚቆም ሌላ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱን የሚተካ ግን አይደለም።

ቢቸና ላይ ይህን ሲናገር አሰልጣኙን የሚገጥመው መልስ አንድ ነው፦ “እኛ እኮ የበላይ ዘለቀ አገር ሰዎች ነን!” እሱም ይስቃል። የዓባይን በረሃ የወጡት የወረዱት አርበኞቹ ናቸው። ጀግንነት በትረካ ይወረስ ይሆናል፤ ሳንባ ግን አይወረስም። የእያንዳንዱ ሰው ሳንባ ራሱ በወጣው ዳገት ልክ ነው።

እውነትም አገሩ ራሱ ጂም ነበር። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ያለው ሰባራ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተቆረጠ በኋላ፣ ጎጃምና ጎንደርን የሚያገናኘውን ያን ቦታ ሰው ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ዛሬ ደግሞ ከደጀን ተገንጥሎ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚደርስ መንገድ አለ፤ በየከተማው ባጃጅ አለ። ገመዱ ይመለስ የሚል ሰው የለም። ድካሙ ሲቀር ግን አብሮት የቀረውን ነገር የተካ አልተገኘም።

ጊዜውም አላገዘም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልሉ በጦርነት ውስጥ ነው። መንገድ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ከርሟል። አሰልጣኙ የንጋት ሩጫን ከትምህርቱ ሰርዟል። በዚህ ጊዜ በጨለማ የሚሮጥ ሰው ስፖርተኛ አይመስልም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ወደ ግቢና ወደ ሳሎን ገብቷል። ወንበር፣ ግድግዳና ደረጃ ይበቃሉ ይላል።

እናቱንም በዚሁ መንገድ ጀመራት። በመጀመሪያ ሐኪሟ ተጠየቀ። ከዚያ መንገድ በተከፈተ ቀን ሞጣ ሄዶ ወንበሩን ግድግዳ አስጠግቶ፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ መነሳትና መቀመጥ እንደምትችል ቆጠረ። ሦስት ጊዜ። መንገድ ሲዘጋ በስልክ ቀጠለ፦ “እታለም፣ አንቺ ቁጠሪላት፤ እኔ እሰማለሁ።”

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ተስማማ። ጠቡ የተነሳው አሰልጣኙ “የቤቱን ሥራ መልሱላት” ሲል ነው። ቡናውን እሷ ትቁላ። በርጩማ ላይ ትቀመጥ፤ ትነሳ። ውኃውን በትንሽ ጆግ ከቧንቧ እሷ ታምጣ። ከምሳ በኋላ አሥር ደቂቃ በግቢው ትዙር። ቅዳሜ ገበያ ከሠራተኛዋ ጋር በእግሯ ትሂድ። ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤት ማማት ጀመረ፦ “ያን ሁሉ ልጅ ወልዳ፣ በስተርጅና እንደ ገረድ ያሠሯታል!”

እህቱ ደወለች። ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። “አንተ ቢቸና ሆነህ ታዛለህ፤ የሚታማው የኔ ቤት ነው። አምስት ዓመት እንደ ዕንቁላል ይዣት አሁን ጨካኝ ልባል?” አሰልጣኙ መልስ አጣ። እህቱ አልዋሸችም፤ መንከባከብ ማለት ማስቀመጥ ነው ብሎ ያስተማራት አገሩ ነው። እሱም ያን ወንበር ሲገዛ ገንዘብ አዋጥቷል።

ነገሩን የፈታችው እናት ናት። ስልኩን ከልጇ ተቀብላ “ስሞት ከሚያለቅሱልኝ በቁሜ ቢያሙኝ ይሻለኛል” አለች።

ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም ለወላጁ ገንዘብ የሚልክ ብዙ ልጅ አለ። ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ሶፋ ይገዛል፣ ቴሌቪዥን ያስገባል። ፍቅር ነው፤ ማንም አይጠራጠርም። ሲደውል ግን የሚጠይቀው “በላሽ? አረፍሽ?” ብሎ ነው። “ዛሬ የት ሄድሽ? ምን ሠራሽ?” የሚል ጥያቄ ቢጨመር ምንም አይከፈልበትም። ከባዱን ሸክም ከወላጅ ትከሻ ማውረድ ይገባል። ቀላሉንም አብሮ ማውረድ ግን ሰውየውን ራሱን እንደ ዕቃ ጥግ ማስያዝ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ሁዳዴ ሲገባደድ እናት በ30 ሰከንድ ዘጠኝ ደርሳ ነበር። ስኳሯ አልጠፋም፤ መድኃኒቷንም አላቆመችም። ጉልበቷ ዛሬም ብርድ ሲሆን ያማታል። በስቅለት ዕለት ግን በእግሯ ጊዮርጊስ ደርሳ ከሕዝቡ ጋር ሰገደች።

ማታ ልጇ ደወለ። ሁሉን መቁጠር ልማዱ ነውና “እማዬ፣ ስንት ሰገድሽ?” ሲል ጠየቃት።

“እሱን እንኳ” አለችው፣ “ለንስሐ አባቴ ነው የምነግረው።”