ራስ የሚወቅር ሕመም ስለሚመጣበት ምክንያት

በሻኪሶ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሳገለግል፥ በጾም ዕለት ከቀትር በኋላ ጆሮ ግንዴን እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚወቅር ራስ ምታት ይይዘኝ ነበር። ምክንያቱን በባለጉዳይ ጩኸት አሳብቤ ድኻውን እቆጣ፥ ዕለት ዕለትም የማስታገሻ ክኒን እውጥ ነበር፤ ሕመሙ ግን ባሰ። በኋላ ሐኪም እንዳስረዳኝ፥ ቡና የለመደ ሰው ሲቋረጥበት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን ያመዋል፤ ተራ ማስታገሻም በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ቢዘወተር ራሱ ሕመም ያመጣል። ረኃብ፥ ጥማትና እንቅልፍ ማጣትም ያባብሱታል። በምክሩ ቡናዬን ጥቂት በጥቂት ቀንሼ ክኒኑን ብተው ተሻለኝ።

አንባብያን ሆይ፥ ትኩሳት ቢጨመርበት ወባ ሊሆን ይችላልና ደማችሁን አስመርምሩ፤ ድንገት ቢጸና ወይም አንገት ቢያደርቅ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ሂዱ። እኔ ግን በከንቱ የተቆጣኋቸውን ባለጉዳዮች ባሰብሁ ቍጥር አፍራለሁ።