ንጹሕ ጋውን ሁሉ ከለላ አይሆንም

በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ሆኜ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። የታማሚ ቤተሰብ ብዙ ነገር ይጠይቀኛል። “ሲስተር፣ ሐኪሙ ጎበዝ ነው?” “ሲስተር፣ ደም ያስፈልጋል?” “ሲስተር፣ መቼ ትነቃለች?” እስከ ዛሬ ግን “ይህን የለበሳችሁትን አረንጓዴ ልብስ ማን ፈተሸው?” ያለኝ ሰው የለም።

እኛ የምንለብሰው ጋውን እየታጠበ የሚመለስ የጥጥ ልብስ ነው። ላውንደሪ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ተጣጥፎ ይጠቀለልና አውቶክሌቭ ውስጥ ይገባል። በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንፋሎት 30 ደቂቃ ያህል ሲቆይ ጀርሙ ይሞታል። እዚህ ድረስ ብዙዎቻችን እንጠነቀቃለን። ነገር ግን አውቶክሌቭ ልብሱ ላይ ያለውን ጀርም ይገድላል እንጂ የሳሳውን ጨርቅ አያጠነክርም። ጀርም የሌለበት ልብስና ጀርም የማያሳልፍ ልብስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ጥጥ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ደህና ነው። ሲርስ ግን በር ይከፈታል። ደሙና የሽርት ውኃው ከውጭ ወደ ሠራተኛው ቆዳ ይገባል፤ ከሠራተኛው ቆዳ የተነሣ ባክቴሪያም በእርጥበቱ በኩል ወደ ታማሚው ቁስል ይሻገራል። ይህ ዛሬ የታወቀ ነገር አይደለም። ዊሊያም ቤክ የተባለ አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1952 ከባልደረባው ጋር ባወጣው ጽሑፍ፣ በረጠበ የጥጥ ጋውን መተማመን ከንቱ እንደሆነ አስጠንቅቆ ነበር።

እኔ ይህን በራሴ ላይ አይቻለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት እናት ምጥ ጠንቶባት ሌሊት ለኦፕራሲዮን ገባች። ብዙ ደም ፈሰሳት፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሷም ልጇም ተረፉ። ጋውኑን ሳወልቅ ክንዴ እስከ ክርኔ በደም ርሷል። ትንሿ ልጄ በጥፍሯ የጫረችኝ ቦታ ገና አልደረቀም ነበር። በማግስቱ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ጀመርኩ፤ 28 ቀን ዋጥኩ። በመሳም እንደማይተላለፍ እያወቅኩ ልጄን ለመሳም ፈራሁ። ባለቤቴ ምንም ሳይለኝ ሌሊት ሌሊት አብሮኝ ይነቃ ነበር። በመጨረሻ ውጤቴ ነፃ ሆነ። ያ ጋውን ታጥቧል፣ በአውቶክሌቭም አልፏል። ግን አርጅቶ ሳስቷል።

በሌሎች አገሮች ይህን የሚለካ ሕግ አለ። በአሜሪካ ጋውን በ4 ደረጃ ይመደባል፤ ውኃ ይረጭበታል፣ በውኃ ግፊት ይፈተናል። አራተኛውን ደረጃ ለማግኘት ደግሞ ሰውን የማይጎዳ ቫይረስ ያለበትን ፈሳሽ በግፊት ሲያገኘው ምንም አለማሳለፍ አለበት። አውሮፓም የራሱ መለኪያ አለው። የሚታጠበው ዓይነት ደግሞ አዲስ ሆኖ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ ከታጠበም በኋላ መከላከል ይኖርበታል። ጥቅጥቅ ብሎ ከተሠራ ፖሊስተር የሚሰፉና 75 ጊዜ ያህል ለመታጠብ የሚዘጋጁ አሉ፤ እጥበቱም ይቆጠራል።

የሚታጠበው ጋውን ይቅር እያልኩ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ ስቴራይል እስከሆኑ ድረስ ተለብሶ የሚጣለውንም የሚታጠበውንም መጠቀም እንደሚቻል ገልጿል። የሚጣለው የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል፤ ቆሻሻውም ብዙ ነው። ጥያቄው የሚታጠበው ልብስ ዕድሜው ሲያልቅ “በቃ” የሚለው ማን ነው የሚለው ነው።

በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሕክምና መሣሪያዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ነገር ግን ጋውኑ ከተገዛ በኋላ፣ ለ50ኛ ጊዜ ሲታጠብ የሚያየው ላውንደሪው ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ ይህን ሥራ ይዘው የኖሩት “እማማ” የምንላቸው እናት ናቸው። እያንዳንዱን ጋውን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግተው ያያሉ። ክንድና ደረቱን በጣታቸው ይዳስሳሉ። በረኪና የበላው ሲያገኙ “ይኼ እንኳን ደም፣ ጤዛም አይመልስ” ብለው ለመወልወያ ይለዩታል። ማንም አላዘዛቸውም፤ የሚመዘግቡበት ቅጽም የለም። እኔ ያን ሌሊት የለበስኩት እሳቸው ፈቃድ ላይ በነበሩበት ሳምንት የታጠበውን ነው።

የአንዲት እናት ዓይን የሆስፒታል ደንብ ሊሆን አይችልም። ሕግና ደንብ ማለት ለእኔ እሳቸው በኅሊናቸው የሚሠሩትን፣ እሳቸው በሌሉበትም ቀን እንዲሠራ ጽፎ ማስቀመጥ ነው። ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በታጠበ ቁጥር አንገቱ ላይ በማይለቅ ቀለም አንድ መስመር ማስመር፣ ከሥሩ መብራት ያለው የመፈተሻ ጠረጴዛ ማዘጋጀት፣ ላውንደሪ ላለችው ሠራተኛም የሳሳውን የመጣል ሥልጣን በጽሑፍ መስጠት ይቻላል። ከውጭ አገር ለሆስፒታል ጋውን የሚልኩ ወገኖችም ከመግዛታቸው በፊት ደረጃው ስንት እንደሆነና ስንት እጥበት እንደሚችል ቢጠይቁ ስጦታቸው በእርግጥ ይጠቅማል።

እማማ ሰኔ ላይ ጡረታ ይወጣሉ። ከዚያ በፊት የሚያውቁትን በወረቀት ለማስፈር አብረን ተቀምጠናል። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። እስካሁን ሁለት ገጽ ሆኗል።