ሦስቱ ፊደላት

አምደወርቅ ያሳደሩኝ ሽማግሌ ከቆዳ ማኅደር አንድ የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር አወጡ። ጠመንጃው የለም። «አባቴ ማይጨው ላይ ከጣሊያን የማረከው ነው» አሉኝ።

ወደ በሩ ብርሃን አዙሬ አየሁት። የቆዳ ክዳኑ ሳይቀር አለ! የፋብሪካ ስም ግን የለውም፤ «ቢኤምጄ» የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ብቻ። የቬትስላሩ ሄንዞልት ምስጢራዊ መለያ ነው፤ የዬናው ሳይስ «ቢኤልሲ» ነበር። ጀርመኖች የመሣሪያ ሠሪዎቻቸውን ስም በፊደል መሰወር የጀመሩት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1940 ገደማ ነው። ማይጨው ደግሞ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1936።

«ምን ይላል ልጄ?»

«የሠሪው ስም ነው፣ አባባ። የጀርመን ነው።»

«ዓመቱስ?»

መነጽሩን ወደ ማኅደሩ መለስኩት።

«ዓመት አልተጻፈበትም» አልኳቸው። ይህስ እውነት ነበር።