አዲስ ታኬታ በክረምት ይደረጋልን?

ከዚህ በላይ የተጻፈውን አርእስት የሚያነብ ሰው «የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ስለ ጫማ የሚጽፈው ሌላ ቁም ነገር አጥቶ ነውን?» ብሎ ሊስቅብኝ ይችላል። እኔም ባለፈው ሰኔ ብጠየቅ ኖሮ እንደዚሁ ባልሁ ነበር። ነገር ግን በቤታችን ውስጥ ክረምቱን ሁሉ ያከራከረን፥ እኔንም አንዳንድ ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ነገር ይኸው ስለ ሆነ፥ ሳላሳምር እንደ ሆነው እጽፈዋለሁ።

አባቴ አናጢ ናቸው። የፈተናው ውጤት በተሰጠን ማግስት ከመርካቶ ሲመለሱ አንድ ካርቶን በብብታቸው ይዘው ገቡ። በከፈትሁት ጊዜ ጥቁር የቆዳ ታኬታ አገኘሁ። ዋጋውን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ነገር ግን ለመላጊያቸው አዲስ ስለት እገዛለሁ ሲሉ ከፋሲካ ጀምሮ እሰማቸው ነበርና፥ በዚያ ወር በአሮጌው ስለት ሲሠሩ ባየሁ ጊዜ ነገሩ ገባኝ።

እናቴም ካርቶኑን ከእጄ ተቀብለው «አዲስ ነገር በጭቃ አይጀመርም፤ እስከ ዕንቁጣጣሽ ይቀመጥ» አሉና ከአልጋ ሥር አስገቡት። በቤታችን አዲስ ልብስ የሚለበሰው በበዓል ቀን ስለ ሆነ፥ ለታኬታውም ያው ሕግ ሆነለት። እውነቱን ልናገርና እኔም አልተቃወምሁም። በየማታው ካርቶኑን ጎትቼ እያየሁ፥ እያሸተትሁም መመለስ ደስ ይለኝ ነበር። ለጭቃው አሮጌው ነበረኝ፤ ጫማ ሰፊ ሁለት ጊዜ የሰፋው፥ ከሥሩ ያሉት ጥርሶች አልቀው ሊለሰልሱ ምንም ያልቀራቸው።

የምንጫወትበት ሜዳ በአቃቂ በኩል ነው፤ አፈሩም መረሬ ነው። መረሬን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፥ በበጋ እግር እስኪያስገባ ድረስ የሚሰነጠቅ፥ ዝናብ ሲያገኝ ደግሞ አብጦ እንደ ሊጥ የሚጣበቅ ጥቁር አፈር ነው። በእኛ አገር ከዓመቱ ዝናብ የሚበልጠው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ዋናዎቹም ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ የሰፈር ውድድር የሚደረገው ግን በዚሁ ጊዜ ነው! ጭቃው በታኬታው ጥርሶች መካከል ገብቶ ሲሞላ እግር ይከብዳል፤ ጥርሱ አጭር ወይም ያለቀ ከሆነ ደግሞ ሳሙና ላይ እንደ መቆም ነው።

የስፖርት መምህራችን ስለዚህ ነገር አንድ ታሪክ ነግረውን ነበር። በ1946 ዓ.ም.፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1954፥ በስዊስ አገር በበርን ከተማ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲደረግ ዝናብ ይዘንብ ነበር። የጀርመን ተጫዋቾች አዲ ዳስለር የሠራላቸውን፥ ጥርሱ ተፈትቶ የሚለወጥ ጫማ አድርገው ነበርና ለጭቃው ረዘም ያለውን ጥርስ አሰሩበት። ሀንጋሪዎች በስምንት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ለባዶ መርተው ሳለ ጀርመኖች ሦስት ለሁለት አሸነፉ። ይህን በሰፈር ብነግራቸው አንዱ ጓደኛዬ «አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ አሸንፎ የለምን?» ሲል መለሰልኝ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሮም ላይ የሮጠው በመንገድ ነው እንጂ በመረሬ ላይ አይደለም፤ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይም ጫማ አድርጎ ነው ያሸነፈው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ አዲሱን ከአልጋ ሥር አላወጣሁም።

በነሐሴ ወር አጋማሽ፥ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፥ ከታች ሰፈር ልጆች ጋር ተጋጠምን። እኔ ተከላካይ ነኝ። ከዕረፍት በኋላ አንድ ቀላል ኳስ ወደ እኔ መጣች። ልመታት ግራ እግሬን ስተክል እግሬ ከሥሬ ሄደ። በጀርባዬ ወድቄ ቀና ስል የእነርሱ አጥቂ ኳሷን ይዞ አልፎኛል፤ በረኛችንም ከግቡ ወጥቶ ሊያድናት ተወርውሯል። ተላተሙ። ኳሷ ገባች፤ ግን ስለ ግቡ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ የበረኛችን የቀኝ እጁ አንጓ ተሰብሮ ነበርና።

ይህ ልጅ ክረምት ክረምት ሊስትሮ እየሠራ ደብተሩንና የደንብ ልብሱን የሚገዛው ራሱ ነው። ሐኪም ቤት ተቀምጠን ጀሶ እስኪደረግለት ስንጠብቅ ጭቃ የሞላውን ጫማዬን አየና

«አዲሱ ታኬታህስ?» አለኝ።

«ቤት ነው።»

«እዚያ ምን ያደርጋል?»

ሊወቅሰኝ አልነበረም፤ እንዲሁ ገርሞት ነው። እኔ ግን የምመልሰው አጣሁ።

ያን ማታ ለአባቴና ለእናቴ ነገርኋቸው። አባቴ «እኔ የገዛሁት ለአልጋው ሥር አይደለም» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገሩም። እናቴ ዝም ብለው ተነሡና ካርቶኑን አውጥተው ከፊቴ አኖሩት።

በሚቀጥለው ጨዋታ አደረግሁት። ተአምር ግን አልሠራም። ቆዳው ገና አልለመደኝምና ተረከዜን ላጠኝ፤ መንሸራተቱ ቢቀንስም አልቀረም። ስለዚህ አዲሱን አድርጌ ቢሆን ኖሮ ያ ኳስ አያመልጠኝም ነበር ብዬ ልምል አልችልም። አድርጌ ብወድቅ ግን ሌላ ነገር ነበር።

ማታ ከከሰል ማንደጃው አጠገብ አስቀምጬው አደርሁ፤ ጧት ሳየው እንደ ጣውላ ደርቋል። ለበረኛችን ወስጄ ባሳየው ተቆጣኝ። እሳት የቆዳውን ቅባት አድርቆ እንደሚሰነጥቀው፥ ጋዜጣ ጠቅጥቆ፥ ጋዜጣው ሲርስ እየለወጡ በጥላ ማድረቅ፥ ከዚያም ቀለም ማጠጣት እንደሚገባ በግራ እጁ እየጠቆመ አስተማረኝ። እኔም ጧት ጧት እየሄድሁ ብሩሹን እይዝለት ጀመር። ደንበኞቹ ግን ሥራዬን አልወደዱትም፤ የሁለቱን ሰዎች ካልሲ ቀለም አስነክቻለሁ። ከጎደለበት ገንዘብ ግማሹንም አልሞላሁለትም።

የእናቴም ነገር ፍጹም ስሕተት አልነበረም። ዕንቁጣጣሽ ሲደርስ ታኬታው የሦስት ዓመት ዕድሜ ያለው መስሎ ነበር፤ የግራውም ስፌት ከጎኑ ተከፍቷል። እርሳቸው አይተው ምንም አላሉኝም። አባቴ ግን አገላብጠው ካዩት በኋላ ሳቁ።

የበረኛችን ጀሶ በመስከረም መጨረሻ ተፈታ። ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ በመጀመሪያው ግጥሚያችን ቀን፥ ወደ ሜዳ ከመግባታችን በፊት ጎንበስ ብሎ ታኬታዬን በዚያው በቀኝ እጁ መታ መታ አደረገና

«ግራው ይሰፋ» አለኝ።